ሮድ አይላንድን በአንድ ቀን፦ 95 ዶላር የከፈልኩበት የታላላቅ ሰዎች ጉብኝት

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን በቅድሚያ ልናገር። አስጎብኚው ግሩም ሰው ነው። የጉዞው መስመር ግን መታረም አለበት። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ፤ ሦስቱም የአስጎብኚው ናቸው።

ሮድ አይላንድ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በቆዳ ስፋት ትንሿ ናት። ከሰሜን ጫፏ እስከ ደቡብ ጫፏ 77 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሕዝቧ ቁጥርም ከአንድ ሚሊዮን ብዙ አያልፍም። ስለዚህ «የግዛቷ ታላላቅ ሰዎች በአንድ ቀን» የሚለውን ማስታወቂያ ሳይ አላጋነኑም አልኩ። ሌላ ግዛት ቢሆን ግማሹ ቀን መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። እዚህ ግን ከዋና ከተማዋ ከፕሮቪደንስ ተነስቶ ኒውፖርት ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም።

የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ትንሽ ድርጅት ነው፤ ቅሬታዬንም በቀጥታ ጽፌላቸዋለሁ። ይሄን የምጽፈው ተመሳሳይ ጉብኝት ልትይዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

የሄድኩት ከአክስቴ ጋር ነው። እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ደብተር ሳይዙ ከቤት አይወጡም። ጥያቄ መጠየቅም አይፈሩም። ዋጋው በሰው 95 ዶላር ሲሆን ምሳም ቲፕም ውስጡ የለም። ቅጠሉ መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 11 ሰው ሆነን ተነሳን። ሚኒባሷ ንጹሕ ናት፣ ወንበሩም ይመቻል። ማይኩ ግን ኋላ ለተቀመጠ ሰው ይቆራረጣል። ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ከፊት ያዙ።

መጀመሪያ የቆምንበት ፕሮስፔክት ቴራስ የሚባል ከፍ ያለ መናፈሻ ነው። ከተማዋ ከሥሩ ተዘርግታ ትታያለች። ሮጀር ዊሊያምስ በድንጋይ ተቀርጾ ቁልቁል ያያታል። ሰውዬው የተወለደው እንግሊዝ አገር ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሰባኪ ሳለ መንግሥት በሰው እምነት እጁን አያስገባ፣ የአገሬውም ሕዝብ መሬት ዝም ተብሎ አይወሰድ እያለ ስላስቸገራቸው አባረሩት። ከናራጋንሴት ሕዝብ አለቆች መሬት አግኝቶ በ1636 ፕሮቪደንስን መሠረተ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ይሄን ማንም አስጎብኚ ይናገረዋል። የእኛው ግን ከዚያ ወደ መቃብሩ ታሪክ ገባ። በ1860 ሰዎች ዊሊያምስን በክብር እንደገና እንቅበረው ብለው መቃብሩን ቆፈሩ። አጥንት ፈልገው ያገኙት የፖም ዛፍ ሥር ነው። ሥሩ በሰው አካል ቅርጽ አድጓል ተባለ፤ አውጥተውም አስቀመጡት። ዛሬ ጆን ብራውን ቤት በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። አስጎብኚያችን ወስዶ አሳየን። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርድና ወገብ ሊሆን በሚችልበት ቦታ ለሁለት ይከፈላል፣ ጉልበቱ ጋ ጎበጥ ይላል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ እግር ቀና ይላል። እትዬ ብዙ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «ሰውዬውን ዛፉ በላው፣ የዛፉን ፍሬ ደግሞ ሰው በላው» አሉኝ። ወዲያው ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ቤቱ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። ጆን ብራውን ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። ባሪያም ነግዷል። ወንድሙ ሞሰስ ብራውን በ1773 የራሱን ባሪያዎች ነጻ አወጣ፣ ክዌከር የሚባለው የክርስትና ማኅበር አባል ሆነ፣ የባሪያ ንግድን ሲቃወም ኖረ። በ1794 አሜሪካ ዜጎቿ ወደ ውጭ አገር ባሪያ እንዳያጓጉዙ ሕግ አወጣች። በዚያ ሕግ በ1797 መጀመሪያ ፍርድ ቤት የቀረበው አሜሪካዊ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጆን ብራውን! መርከቡን ተወረሰ። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ አንድ ከተማ የኖሩ፣ አንዱ ያንዱን ሥራ እየተቃወመ። አስጎብኚው ይሄን ሲናገር ድምፁን አላለሳለሰም፣ ማንንም ለማስደሰት አልሞከረም። ከሮድ አይላንድ ወደብ ተነስተው ወደ አፍሪካ የሄዱት የባሪያ ጉዞዎች ከ900 በላይ እንደነበሩ፣ የተጫኑት ሰዎችም ከ100,000 እንደሚበልጡ እዚያው ሳሎን ውስጥ ቆሞ ነገረን። የከፈልኩት ገንዘብ አላስቆጨኝም ያልኩት ያኔ ነው።

ቀጥሎ ወንዙ ዳር ማርኬት አደባባይ ወረድን። ኤድዋርድ ሚቸል ባኒስተር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሥላል፤ ከነሐስ ነው የተሠራው። የተወለደው ካናዳ ነው፣ ቆዳው ጥቁር ነው፣ በ1869 ፕሮቪደንስ ገብቶ እስኪሞት እዚያው ኖረ። በ1876 ፊላደልፊያ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ሥዕሉ አንደኛ ወጣ። ዳኞቹ ሠዓሊው ጥቁር መሆኑን ሲያውቁ ሽልማቱን እንደገና እንየው ብለው ነበር። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች እምቢ ስላሉ ሽልማቱ ጸደቀለት። እትዬ አጠገቡ ቁጭ ብለው ፎቶ አንሳኝ አሉኝ። ባለቤቱ ክሪስቲያና ግን የዚችው ግዛት ልጅ ናት፤ ኖርዝ ኪንግስታውን ነው የተወለደችው። የፀጉር ሥራ ነጋዴ ነበረች፣ ገቢው የእሷ ነበር፣ እሱ መሣል የቻለውም እሷ ስለደገፈችው ነው። ይሄን የነገረን አስጎብኚው እትዬ «ሚስቱስ?» ብለው ስለጠየቁ ነው። ሳይጠየቅ በተናገረው እላለሁ። አደባባዩ ላይ የቆየነው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያንሳል።

ስዋን ፖይንት የመቃብር ቦታ ላይ ግን ረዥም ጊዜ ወሰድን። ኤች ፒ ላቭክራፍት እዚያ ተቀብሯል። በ1890 ፕሮቪደንስ ተወልዶ በ1937 እዚያው የሞተ የአስፈሪ ታሪኮች ደራሲ ነው። መቃብሩ ላይ «እኔ ፕሮቪደንስ ነኝ» የሚል ተጽፏል። ድንጋዩን ያቆሙለት አድናቂዎቹ ናቸው፣ በ1977። አብረውን ከተጓዙት አራቱ ለእሱ ብለው የመጡ ስለነበሩ ደስታቸውን አልነፍጋቸውም። አስጎብኚው ሰውዬው በደብዳቤዎቹ ለጥቁሮችና ለስደተኞች የነበረውን ጥላቻም ሳይሸሽግ ተናገረ። ለእኔ አንድ ግማሽ ሰዓት በዝቶብኛል።

ምክንያቱም ፕሮቪደንስ ውስጥ ሌላም መቃብር አለ። ሲሲረታ ጆንስ ዘፋኝ ነበረች። ቨርጂኒያ ተወልዳ በልጅነቷ ፕሮቪደንስ መጥታ አደገች። በ1892 ዋይት ሐውስ ገብታ ለፕሬዚዳንቱ ዘፍናለች። ካርኔጊ አዳራሽም ዘፍናለች። አውሮፓን ዞራለች። በ1933 ስትሞት እጇ ላይ ምንም አልነበረም፤ ሜዳሊያዎቿን ሳይቀር ለኑሮ ሸጣ ነበር። መቃብሯ ላይ የስም ድንጋይ የቆመው በ2018 ነው። ሰማንያ አምስት ዓመት ያለ ስም! ጉብኝቱ እሷ ያረፈችበት ግሬስ ቸርች መቃብር ጋ አይቆምም። ሴንትራል ፎልስም አይሄድም። ሴንትራል ፎልስ ከፕሮቪደንስ አጠገብ ያለች፣ በአንዷ ትንሽ ግዛት ውስጥ ደግሞ ከሁሉ ያነሰች ከተማ ናት። ቫዮላ ዴቪስ በድህነት ያደገችው እዚያ ነው። ኦስካር የወሰደች ተዋናይት ያደገችበትን ከተማ ለማየት ስንት ሰው ይከፍላል! ለምን እንደቀረ ስጠይቅ «መስመሩ የተዘጋጀው ድሮ ነው» ነው የተባልኩት።

ከፕሮቪደንስ ወጥተን ወደ ደቡብ ስንወርድ መንገዱ ደስ ይላል። ሳንደርስታውን ጫካ ውስጥ፣ ውሃ ዳር፣ ጊልበርት ስቱዋርት በ1755 የተወለደበት ቤት አለ። ከታች የሱረት ወፍጮ ነው። አባቱ ሱረት ይፈጭ ነበር። ከላይ ቤተሰቡ ይኖራል። ውጭ ውሃ የሚያሽከረክረው ትልቅ መንኮራኩር አለ። እንጨቱን ሲነኩት ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ስትገቡም ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ረዘም ያለ ሰው ጎንበስ ማለት አለበት።

አስጎብኚው «አንድ ዶላር ያለው ሰው ያውጣ» አለ። ሁሉም ካርድ ነው የያዘው። እትዬ ከቦርሳቸው አጣጥፈው ያስቀመጡትን አንድ ዶላር አወጡ፣ በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አስተካከሉት። ዶላሩ ላይ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ፊት ከዚህ የሱረት ወፍጮ ቤት የወጣው ልጅ በ1796 ከሣለው የተቀዳ ነው። ሥዕሉን ሆን ብሎ አልጨረሰውም። ዋሽንግተን ራሱ ጋ ሳያደርሰው አስቀርቶ፣ ከእሱ እየገለበጠ አንዱን በ100 ዶላር ይሸጥ ነበር። «የመቶ ዶላር ኖቶቼ» ይላቸው ነበር። ያም ሆኖ በ1828 ቦስተን ውስጥ የሞተው በዕዳ ተዘፍቆ ነው፤ የተቀበረውም ስም በሌለው መቃብር ነው። በዚያ ሁሉ ገንዘብ ላይ የታተመውን ፊት የሣለ እጅ!

ያኔ እትዬ እጃቸውን አወጡ። «መሣል ከማን ነው ያየው?» አሉ። አስጎብኚው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና እንዲህ ሲል ነገረን፦ የስቱዋርት ቤተሰብ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ወደ ኒውፖርት ሄደ። ኒውፖርት ውስጥ ኔፕቲዩን ተርስተን የሚባል በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ነበር። በርሜል ሠሪ ነው። በበርሜል ክዳን ላይ የሰው ፊት ይሥል ነበር። ትንሹ ስቱዋርት የሥዕል ፍቅር መጀመሪያ ያደረበት የእሱን እጅ እያየ ነው ተብሎ ሲነገር ኖሯል። «ይሄ ከሚሰጠን ጽሑፍ ላይ የለም» አለ አስጎብኚው። እትዬ ዶላሩን እንደገና አዩት። ከዚያ አጥፈው መለሱት።

ከምሳ በኋላ ድልድዮቹን ተሻግረን ኒውፖርት ገባን። ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ቤልቩ ጎዳናና አካባቢው ላይ የባለጸጎች ቤት ተደርድሯል። ትልቁ የቫንደርቢልቶች ነው፤ ዘ ብሬከርስ ይባላል፣ 70 ክፍል አለው፣ ያለቀው በ1895 ነው። ቤቱ በእውነት ያስደንቃል። ግን ባለቤቱ ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት የኒውዮርክ ሰው ነው። እዚያ ተወለደ፣ እዚያ ነገደ፣ እዚያ ሞተ። እዚህ የሚመጣው በጋውን ለማሳለፍ ነበር፣ ቤቱ ካለቀ በአራት ዓመቱም ሞቷል። «የግዛቷ ታላላቅ ሰዎች» ብሎ ያስከፈለን ጉብኝት ለእንግዳው አንድ ሰዓት ከሩብ ሰጠ። መግቢያው ደግሞ በዋጋው ውስጥ የለም፤ ይህ ቀድሞ አልተነገረንም። ያልከፈልነው አጥሩ ጋ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ በኋላ ሰዓት አለቀ ተባለና አይዳ ሉዊስን በመስኮት አየናት። በመስኮት! አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ እኔ ልንገራችሁ፣ ጉብኝቱ ስላልነገረኝ። አይዳ ሉዊስ በ1842 ኒውፖርት ተወለደች። አባቷ ላይም ሮክ የምትባል፣ ወደቡ ውስጥ ያለች ድንጋይ ላይ የመርከብ መብራት ጠባቂ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ መትቶት ከአልጋ ዋለ። ሥራውን እናትና ልጅ ያዙት። መብራቱን እሷ ታበራለች፣ ወንድሞቿንና እህቷን በጀልባ እየቀዘፈች ትምህርት ቤት የምታደርሰውም እሷ ናት። በመጋቢት ወር 1869 በበረዶ ዝናብ ሁለት ወታደሮች ጀልባቸው ተገለበጠ። አይዳ ያን ዕለት ጉንፋን ይዟት ነበር። ካፖርትም ጫማም ሳታደርግ ሮጣ ጀልባዋን ገፋች፤ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ሁለቱንም አወጣች። ያን ዓመት ፕሬዚዳንት ግራንት ሊያያት ኒውፖርት ድረስ መጣ። የጠባቂነቱ ሹመት በስሟ የተጻፈው ግን በ1879 ነው፤ ሥራውን ከጀመረች ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ። ያዳነቻቸው ሰዎች በመዝገብ 18 ናቸው፣ ከዚያም ይበልጣሉ የሚሉ አሉ። ዛሬ ቤቷ የጀልባ ክለብ ነው፣ ክለቡም በስሟ ይጠራል። ሰንደቁ ላይ 18 ኮከብ አለ። ለእያንዳንዱ የተረፈ ሰው አንድ። ይሄን ሁሉ በመስኮት አለፍነው።

በመጨረሻ ለግዢ ተብሎ ወደቡ ጋ አንድ ሰዓት ነጻ ጊዜ ተሰጠን። እትዬ «ልጄ፣ ሱቁን ተወው። ፌርዌል ጎዳና የት ነው?» አሉኝ። ፌርዌል ማለት ስንብት ነው። የኒውፖርት አሮጌው የሕዝብ መቃብር እዚያ ነው ያለው፣ ከ1640 ጀምሮ የነበረ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በእግር ሄድን። አይዳን እዚያ አገኘናት። ድንጋይዋ ላይ መልህቅና የተጠላለፉ መቅዘፊያዎች አሉ። እትዬ ቆሙና «አንቺን ነው በመስኮት ያሳዩኝ» አሏት።

ከዚያ ወደ ሰሜኑ ጫፍ ሄድን። ያን ክፍል ጎድስ ሊትል ኤከር ይሉታል፤ የእግዜር ቁራሽ መሬት እንደማለት ነው። በባርነት የኖሩና ነጻ የወጡ አፍሪካውያን የተቀበሩበት ነው። ብዙዎቹ ድንጋዮች ጥቁርና ስስ ናቸው፤ አንዳንዱ ዘሟል፣ አንዳንዱ ተልጦ ፊደሉ በጣት ካልዳሰሱት አይነበብም። ዳቸስ ኳሚኖ የተቀበረችው እዚህ ነው። በባርነት ኖራ ነጻ የወጣች ሴት ናት፤ ኬክ ጋጋሪ ነበረች፣ በኬኳ የግዛቷ ንግሥት እስከመባል ደርሳለች። በ1804 ሞተች። ኒውፖርት ጋርድነር የተባለው ሙዚቀኛም የዚሁ የከተማዋ አፍሪካውያን ማኅበረሰብ ሰው ነበር። በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ መጣ፣ ሙዚቃ አስተማረ፣ ሎተሪ ደርሶት በዚያ ገንዘብ የራሱንና የቤተሰቡን ነጻነት ገዛ። በ1826 ሸምግሎ ላይቤሪያ ተሻገረ። እዚያም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። የትውልድ ስሙን ግን አልጣለም ነበር፤ ኦክራማር ማሪኩ።

እትዬ የፈለጉት ግን ሌላ ነው። ፖምፒ ስቲቨንስ። የስቲቨንስ ቤተሰብ የመቃብር ድንጋይ ቀራጮች ነበሩ፣ ፖምፒም በእነሱ ቤት በባርነት ያለ ቀራጭ ነበር። ለወንድሙ ድንጋይ ቀርጾ ስሙን የጻፈበት ነው። ብርሃኑ እየሄደ ስለነበር ድንጋዩን አላገኘነውም። እትዬ ከደብተራቸው አነበቡልኝ፦ «ይህን ድንጋይ ፖምፒ ስቲቨንስ ለወንድሙ ለከፊ ጊብስ መታሰቢያ ቀረጸው። ታኅሣሥ 27 ቀን 1768 በ40 ዓመቱ ሞተ።» ሁለቱ ወንድማማቾች የአባት ስማቸው አንድ አይደለም። የጌቶቻቸው ስም ነው የተሰጣቸው። ድንጋዩ ላይ ያለው «ወንድሙ» የሚለው ቃል ባይኖር ዛሬ ማን ያውቅ ነበር? እትዬ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። እኔም አላናገርኳቸውም።

ስድስት ደቂቃ ዘግይተን ተመለስን። ሚኒባሷ ጠበቀችን። አስጎብኚው የት እንደነበርን ሲሰማ አልተቆጣም። «መስመሩ ውስጥ እንዲገባ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ» አለ። አመንኩት። ሃያ ዶላር ቲፕ ሰጠሁት።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ጠዋቱ ጥሩ ነው፤ የዛፉን ሥርና የስቱዋርትን ቤት እንዳታጡ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። የትልልቆቹ ቤቶች መግቢያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? አይዳ ሉዊስ ጋ ያወርዳችኋል ወይ? ፌርዌል ጎዳና ላይስ ይቆማል? ለመጨረሻው አይቆምም ካሏችሁ ነጻ ሰዓታችሁን ለዚያ አድርጉት። የእጅ ባትሪ ያዙ፤ በጎን ሲያበሩበት የተፋቀው ፊደል ይወጣል። ሣሩ እርጥብ ስለሆነ ደህና ጫማ አድርጉ።